ነርቭ ጅማት ነውን?

ጥያቄ፦ በሕክምና ቦታ በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። በቅርቡ አንድ ሐኪም የእጃቸው አንጓ ላይ በስለት ለተቆረጡ አዛውንት ነርቭዎ ተጎድቷል ሲሏቸው፣ እኔ «ጅማትዎ ተጎድቷል» ብዬ ተረጎምሁ። እርሳቸውም «ጅማቴስ ደኅና ነው ልጄ፤ ጣቶቼ ይታጠፋሉ። ቢነኩኝ ነው የማይሰማኝ» አሉኝና አፈርሁ። ነርቭ የሚለው የውጭ ቃል በአማርኛ ምን ሊባል ይገባል? ከዚሁ ጋር «ሥርዓተ ነርቭ» ነው ወይስ «የነርቭ ሥርዓት» የሚባለው? አንጎልና አእምሮስ አንድ ናቸው?

መልስ፦ አዛውንቱ የተናገሩት ከትርጉምዎ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነው። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ጠንካራ ገመድ ሲሆን ሥራውም መሳብ ነው፤ ነርቭ ግን አይስብም፤ ከአካል ወደ አንጎልና ከአንጎል ወደ አካል መልእክት ያመላልሳል። ሁለቱ በእጅ አንጓ ላይ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመዳፍ በኩል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና 1 ነርቭ ተጠጋግተው ያልፋሉ። እዚያ ቦታ ላይ ጅማት ሲበጠስ ጣቱ ቢነኩት ይሰማዋል፣ መታጠፍ ግን ያቅተዋል። ነርቩ ሲቆረጥ ደግሞ ጣት የሚያጥፉት ጡንቻዎች ከአንጓው በላይ በክንድ ውስጥ ስለሚገኙና ትእዛዛቸውንም እዚያው ስለሚቀበሉ ጣቶቹ ይታጠፋሉ፤ ነገር ግን አውራ ጣት አቅሙ ይቀንሳል፣ እርሱና ጠቋሚው፣ የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት እኩሌታም ይደነዝዛሉ። አዛውንቱ የነገሩዎት ይህንኑ ነው።

ይሁንና ስሕተቱ የእርስዎ ብቻ ስላልሆነ ሊያፍሩበት አይገባም። «ነርቭ» የተገኘበት የላቲን ቃልም ሆነ የእርሱ አቻ የሆነው የግሪክ ቃል በመጀመሪያ ትርጉማቸው ጅማት፣ የቀስት ደጋን አውታር ማለት ነበሩ። የጥንት ሐኪሞች ነጭ ክር የመሰለውን ሁሉ በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በእስክንድርያ ይሠራ የነበረው ሔሮፊሎስ አስከሬን እየመረመረ ስሜት የሚያደርሱትንና እንቅስቃሴ የሚያዝዙትን ነርቮች ለይቶ እስኪያስረዳ ድረስ ነገሩ የተምታታ ነበር። እኛ «ጅማት» የሚለውን ቃል በጠራ ትርጉሙ ይዘን ሳለን ሌሎች ለመውጣት የደከሙበት መምታታት ውስጥ ተመልሰን የምንገባበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ ነርቭን ነርቭ ይበሉት። ቃሉ ከገባ ቆይቷል፤ «ነርቬን»፣ «ነርቮች» እየተባለ በአማርኛ ሰዋስው ይረባል፤ «ቭ» የሚከብዳቸው ሰዎች «ነርብ» ብለው ቢጠሩትም ያው ገብቷቸዋል። «ሥር» ማለትም አይበጅም፤ «የደም ሥር» ከሚለው ጋር ይጋጫልና።

«ሥርዓተ ነርቭ» እና «የነርቭ ሥርዓት» ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው የግእዝን አገባብ ተከትሎ እንደ «ሥርዓተ ትምህርት» የተዋቀረ ነው። ግእዝን ከባዕድ ቃል ጋር አጋብቷል ብለው የሚነቅፉት አሉ፤ እኔ ግን በመማሪያ መጻሕፍት የለመደ ስያሜ በመሆኑ አልነቅፈውም። ለታማሚ ሲናገሩ ሁለተኛው ይቀላል።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው «ሕብለ ሰረሰር» ነው። «ሐብል» በግእዝ ገመድ ማለት ስለሆነ ስያሜው አከርካሪ አጥንት ውስጥ ለሚወርደው፣ በአዋቂ ሰው ላይ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ላለው የነርቭ ገመድ በጣም ይስማማል። ከእርሱ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ፤ 12 ጥንድ ደግሞ በቀጥታ ከራስ ቅል ውስጥ ይመነጫሉ። ብዙ ሰው ግን አጥንቱንም ገመዱንም በዚሁ ስም ይጠራል፤ «ሕብለ ሰረሰሩ ተሰበረ» ሲባልም እንሰማለን። የሚሰበረው አከርካሪ ነው፤ ሕብለ ሰረሰር ይጎዳል ወይም ይቆረጣል። አከርካሪው ተሰብሮ ገመዱ የተረፈለት ሰው እግሮቹ ሊታዘዙለት ይችላሉና የቃሉ ልዩነት ለቤተሰቡ ትልቅ ዜና ነው።

«ስሜት» የሚለውም እንዲሁ ይፈታተናል። «ሰማ» በአማርኛ ለጆሮም ለገላም ለልብም የሚያገለግል ግሥ በመሆኑ «የስሜት ነርቭ» ሲባል የደስታና የኀዘን ነርቭ የሚመስለው አድማጭ ይኖራል። «ስሜት አድራሽ ነርቭ» ማለት ይሻላል፤ የተቃራኒው አቻም «እንቅስቃሴ አዛዥ ነርቭ» ይሆናል። «ሕዋስ» ደግሞ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት አምስቱን የስሜት መሣሪያዎች፣ በዛሬው ሥነ ሕይወት ግን የአካልን ጥቃቅን የግንባታ ክፍሎች ያመለክታል። «የስሜት ሕዋስ» ሲል ጸሐፊው ዓይንን ይሁን በዓይን ውስጥ ያለችውን አንዲት ቅንጣት ካልገለጸ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። በነገራችን ላይ ነርቭና የነርቭ ሕዋስም አንድ አይደሉም፤ ነርቭ የብዙ ሕዋሳት ረጃጅም ክሮች ነዶ ነው፤ ከታችኛው ወገብ ተነሥቶ እግር የሚደርሰው አንዱ ክር ብቻውን እስከ 1 ሜትር ሊረዝም ይችላል።

አንጎል አካል ነው፤ ይመዘናል፣ ይታያል። «ናላ» የዚሁ የቆየ ስም ሲሆን ዛሬ በብዛት የቀረው «ናላዬን አዞረው» በሚለው ዓይነት አነጋገር ነው። «አእምሮ» ግን «አእመረ»፣ ማለትም ዐወቀ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የተገኘ በመሆኑ ከመነሻው ዕውቀትን እንጂ አካልን አይጠራም። ስለዚህ ዕጢ የሚወጣው በአንጎል ላይ ነው፤ «የአእምሮ ዕጢ» አይባልም። የአእምሮ ሐኪምና የነርቭ ሐኪምም የተለያዩ ባለሙያዎች ናቸው። ይህን አለመለየት ሰውን ይጎዳል፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የአንጎል ሕመም እያለበት «የአእምሮ በሽተኛ» እየተባለ ሲገለል አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

አማርኛ ለነርቭ የራሱ ስም ባይኖረውም ነርቭ ሲታወክ የሚሰማውን ለመግለጽ ግን እጅግ ባለጸጋ ነው፤ አስተርጓሚ ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ይህን ሀብት ይመስለኛል። «ደነዘዘ» ስሜት ማጣት ነው። «ነዘረኝ» እንደ ኤሌክትሪክ የሚነካካው ነው። «ወረረኝ» በቆዳ ላይ የሚሄድ የሚመስለው፣ «ለበለበኝ» እንደ ሳማ የሚያቃጥለው፣ «ጠዘጠዘኝ» ደግሞ ውስጥ ለውስጥ የሚመላለሰው ሕመም ነው። «ሰለለ» አቅም አጥቶ ለመነመነ እጅ ወይም እግር ይነገራል። እነዚህን ሁሉ «ያመኛል» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ለሐኪም ማቅረብ የምርመራውን ፍንጭ መጣል ነው። ትኩስ ምጣድ የነካ ሰው መጀመሪያ ንክኪውንና ስለታም ውጋቱን፣ ጥቂት ቆይቶ ማቃጠሉን የሚያውቀው መልእክቶቹ በተለያዩ ክሮች ስለሚጓዙ ነው፤ ፈጣኖቹ በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ሲሄዱ ቀጫጭኖቹ የሕመም ክሮች 2 ሜትር እንኳ አይሞሉም። እጁ ከምጣዱ የሚሸሸውም ሕብለ ሰረሰሩ ራሱ ስለሚያዝዘው፣ አንጎል ነገሩን ከማወቁ በፊት ነው። ታማሚው «ወጋኝ፣ ከዚያ ለበለበኝ» ሲልዎ የሚነግርዎት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለሆነ ሁለቱንም ለየብቻ ያድርሱለት።

አዛውንቱን ዳግመኛ ካገኟቸው እንዲህ ሊሏቸው ይችላሉ፦ «አባቴ፣ ልክ ነበሩ፤ ጅማትዎ ደኅና ነው። የተጎዳው ነርቭዎ ነው፤ ጣትዎ የነካውን ሁሉ እስከ አንጎልዎ የሚያደርሰው ክር በአንጓዎ ላይ ተቆርጦብዎታል። ስለዚህ ትኩስ ዕቃ ከመያዝዎ በፊት በሌላኛው እጅዎ ይሞክሩት።»