መጀመሪያ አማካሪውን ፈልግ

ወንድሜ፣ «ካናዳ በምርምር ለሚሰጥ የባዮሎጂ ማስተርስ ቅጹን ልሙላ ወይስ አማካሪ ላስቀድም?» ብለህ ለጠየቅከው፦ አማካሪውን። ውጤትህ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በቤተ ሙከራው ሊቀበልህ የፈቀደ ፕሮፌሰር ከሌለ ማመልከቻህ በአብዛኛው አያልፍም። የድጋፍ ገንዘቡም ብዙ ጊዜ በከፊል የሚመጣው ከእርሱ የምርምር በጀት ነው።

ስለዚህ ኢሜይሉ ላይ ድከም። አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለሃምሳ ሰው መበተን በድንጋይ ላይ ዘር መዝራት ነው። የሰውየውን የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች አንብብና ከራስህ ሥራ ጋር አገናኛቸው። ለመመረቂያህ በጅማው የቦዬ ረግረግ የውኃ ውስጥ ነፍሳትን እንዳጠናህ ጽፈሃል፤ ይህን አታሳንሰው! ናሙናውን በምን ዓይነት መረብ እንደሰበሰብክ፣ ነፍሳቱን እስከ የትኛው የምደባ ደረጃ (ለምሳሌ እስከ ቤተሰብ ወይስ እስከ ዝርያ) እንደለየሃቸው፣ መረጃውን በየትኛው ሶፍትዌር እንደተነተንክ በሦስት ዓረፍተ ነገር ንገረው። «ምርምር በጣም እወዳለሁ» የሚለውን ግን ተወው፤ ሁሉም ይለዋል።

መልስ ከዘገየ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሰው። እስከዚያው ከጅማ ሳትወጣ ትራንስክሪፕትህን ከሬጅስትራር አውጣ፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልህን መምህራንም በአካል አነጋግራቸው። አገር ውስጥም ለማመልከት ካሰብክ ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እንዳያመልጥህ።