«ካሳ የሌለው ይቅርታ» ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦ በሰፈራችን በተካሄደ አንድ ሽምግልና ላይ ተበዳዩ «ካሳ አልፈልግም፤ ይቅር ብዬዋለሁ» ሲል፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ልጄ፣ ካሳ የሌለው ይቅርታ ይቅርታ አይባልም» ብለው መለሱለት። «ይቅርታ» የሚለው ቃል በራሱ ቅጣት ወይም ካሳ ይጠይቃል?

መልስ፦ አይጠይቅም። ሽማግሌው ያነሡት ነገር ቀላል አይደለም፤ የሚመለከተው ግን ሌላ ቃል ነው።

«ይቅር» የወጣው «ቀረ» ከሚለው ግሥ ነውና፣ ይቅር ያለ ሰው የመጠየቅ መብት ያለውን ነገር «ይተው፣ አይፈለግ» ማለቱ ነው። ግእዙም በአቡነ ዘበሰማያት ጸሎት «ኅድግ ለነ አበሳነ» ሲል የተጠቀመው «ኀደገ»ን፣ ማለትም «ተወ» የሚለውን ግሥ ነው። እንግዲህ የሚጠየቀው ሁሉ ተሟልቶ ከተከፈለ የሚተው ነገር አይኖርም፤ አበዳሪ «ዕዳውን ማርኩት» ቢል ይገባናል፣ «ዕዳውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተቀብዬ ማርኩት» ቢል ግን ሰሚው ግራ ይጋባል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ «አባት ሆይ፥ የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» ያለው ገና ላልተጸጸቱ፣ ምንም ላልካሱ ሰዎች ነው፤ ቃሉ ካሳን ግድ የሚል ቢሆን ኖሮ ይህ ዓረፍተ ነገር ባልቆመ ነበር።

ዋጋ መከፈሉን አጥብቆ የሚያነሣው «ስርየት» ነው። በዕብራውያን ምዕራፍ 9 «ደምም ሳይፈስ ስርየት የለም» ተብሎ የተጻፈው ስለ መሥዋዕት ሲነገር ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ «ስርየት አደረገለት» የማይባለውም ቃሉ ከእግዚአብሔር ፊት የማይወጣ በመሆኑ ነው። በንስሐ የሚሰጠው «ቀኖና»ም ብዙ ሰው እንደ ቅጣት ቢቆጥረውም፣ ከግሪክ የመጣው ስሙ ደንብን ወይም መለኪያን እንጂ ቅጣትን አያመለክትም።

ሽማግሌው በልባቸው የያዙት ቃል «እርቅ» ይመስለኛል። ይቅር ማለት በአንድ ሰው ይፈጸማል፤ መታረቅ ግን «ከእገሌ ጋር» ይላልና ሁለት ወገን ይፈልጋል። «ይቅር ብዬዋለሁ፤ ገና ግን አልታረቅንም» ጤናማ አማርኛ ነው፤ «ታርቀናል፤ ይቅር ግን አላልኩትም» የሚለው ግን ጆሮ ይከብዳል። በተለይ ነፍስ ሲጠፋ፣ ደም ለማድረቅ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ካሳውን የሚያስከፍሉት በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል የነገው በቀል እንዲቆም ነው፤ የአንድ ሰው ልብ መራራት ብቻውን ይህን አያስቆምም።

ሕጋችንም ቃላቱን ለይቶ ያስቀምጣል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ «ይቅርታ» ቅጣቱን ሲያስቀር ወይም ሲያቀል ፍርዱ በመዝገብ ይቆያል፤ «ምሕረት» ግን ጥፋተኝነቱንም እንዳልነበረ ያስቆጥራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ደግሞ እንደ ዘር ማጥፋት ያሉ ወንጀሎች በምሕረትም በይቅርታም እንዳይታለፉ ይከለክላል፤ ይህን ክልከላ መጻፍ ያስፈለገው ይቅርታ ያለ ቅጣት ሊሰጥ ስለሚችል ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የተገላቢጦሹ ስሕተት ነው፤ ተበዳዩ «ይቅር» ባለ ቁጥር «እንግዲያው ካሳው ቀርቷል» ብሎ ለበዳይ መፍረድ። ይቅር የተባለው ምን እንደሆነ ተናጋሪው ራሱ ሊወስን ይገባል፤ «ቂሙን ትቻለሁ፣ ለወደመው ንብረቴ ግን ካሳ እፈልጋለሁ» ያለ ሰው ቃሉን አላጠፈም፣ ቋንቋውንም አልበደለም። እርስዎ የጠቀሱት ሰው ደግሞ ካሳውን ጭምር በግልጽ ትቷልና ያለው ነገር ሙሉ ይቅርታ ነው። ሽማግሌው «ካሳ ካልተከፈለ እርቁ አይጸናም» ቢሉት ኖሮ በቃሉ የሚከራከራቸው አይኖርም ነበር።