ዳኩን ከመቀየርህ በፊት ቴስተር ያዝ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን በአጭሩ ልድገመው። ደህና አምፕሊፋየርና ደህና ስፒከር አለህ። ሙዚቃ የምትሰማው ከኮምፒውተር ነው፣ በመሀል ያለው ዳክ፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ዲጂታል ሙዚቃ አምፕሊፋየሩ ወደሚቀበለው የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይረው መሣሪያ፣ ግን ርካሽ ነው። ጓደኛህ ደግሞ ውድ ዳክ ብትገዛ ሌላ ስቴሪዮ የገዛህ ያህል ይሰማሃል ብሎሃል። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ነው ያልከው። ያለህ ዳክ ጤነኛ ከሆነ ይቅርብህ።

ርካሽና ውድ ዳክ እቤት ጎን ለጎን አስሬ ማወዳደር እወዳለሁ። መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ አንዱ በልጦ ይሰማል። ባሱ ይወፍራል፣ ዘፋኙ ቀረብ ይላል፣ ጓደኛህም የሰማው ይህንኑ ይመስለኛል። እኔ ግን እዚህ ላይ ቴስተር፣ ማለትም የቮልት መለኪያ፣ አወጣለሁ። ባለ 100 ኸርዝ የሙከራ ድምፅ አጫውቼ፣ የስፒከሩ ገመድ አምፑ ላይ በሚታሰርበት ቀይና ጥቁር ላይ የቴስተሩን ጫፎች አሳርፋለሁ። መለኪያው ኤሲ ቮልት ላይ ይሁን። ጫፎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ደግሞ አደራ፣ አምፑን ልታቃጥለው ትችላለህ። የቮልዩሙን ቁልፍ ሳልነካ ዳኩን ብቻ ስቀይር አንዱ 2 ቮልት ያሳየበት ቦታ ላይ ሌላው 2.2 ወይም 2.3 ያሳያል። ልዩነቱ በድምፅ ከፍታ መለኪያ 1 ዴሲቤል ገደማ ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ 1 ዴሲቤል ውስጥ ነው። ይህን ያህል ሲጨምር ጆሮ «ጮኸ» አይልም፤ «ጠራ፣ ሞላ፣ ሕይወት ዘራ» ነው የሚለው። የተለመደው የዳክ መውጫ 2 ቮልት ነው፣ ባላንስድ የሚባለው መውጫ ግን ብዙ ጊዜ 4 ቮልት ይሰጣል። እጥፍ ማለት ነው፣ በዴሲቤል 6። የሻጭ ማሳያ ክፍል ውስጥ ሁለቱን እያፈራረቁ ቢያሰሙህ የትኛው እንደሚያሸንፍ ሳትሰማ መናገር ትችላለህ።

ስለዚህ ቮልዩሙን አስተካክል። አንዱ 2.00 ካለ ሌላው ከ2.02 እንዳያልፍ። ከዚያ ሌላ ሰው አንተ ሳታይ ያቀያይርልህና የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ተናገር። እኔ እንደዚህ ስሞክር ያ ሁሉ ልዩነት ድራሹ ይጠፋል። ጆሮዬን እመኑ የሚሉ ጓደኞቼም ተቀምጠው ሞክረውታል፣ የያዙት ግምት ነበር። አንዱ እንዲያውም ሳንቀይርለት «አሁን ተሻለ» ብሎናል።

በ2007 ሜየርና ሞራን የሚባሉ ሰዎች ያሳተሙት ሙከራ አለ። ጥራቱ ከሲዲ በላይ የሆነ ቅጂ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ ደግሞ ወደ ሲዲ ደረጃ ወርዶ ተመልሶ እንዲመጣ አድርገው አሰሙ። ከ554 ሙከራ በትክክል የተለየው 276 ነው። ሳንቲም ብትወረውርም ከዚህ ብዙ አትርቅም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሲዲ ደረጃ፣ ማለትም በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ባለ 16 ቢት ድምፅ፣ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት አለው፤ የሰው ጆሮ እስከሚሰማበት 20 ኪሎኸርዝም ይደርሳል። ዛሬ ርካሽ ዳክም ይህን ያለ ችግር ያወጣል። የሚጨምረው መዛባት ብዙ ጊዜ ከ0.01 በመቶ በታች ነው። ስፒከር ባስ ላይ ሲጨናነቅ 1 በመቶንም ያልፋል። ብዙ ጊዜ የውዱና የርካሹ ቺፕ ራሱ የአንድ ፋብሪካ ነው፤ ትርፉ ገንዘብ ለወፍራም አሉሚኒየም፣ ለስክሪንና ለስም ይሄዳል።

ዳክ መቀየር የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። ማውሱን ስታንቀሳቅስ ስፒከሩ ውስጥ ዝዝዝ የሚል ነገር ከሰማህ፣ ወይም እምምም የሚል የመብራት ድምፅ ካለ፣ ያ ይሰማል፣ ያናድዳልም። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀለውና ስማ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የዳኩ ላይሆን ይችላል፣ ኮምፒውተሩ ኦፕቲካል መውጫ ካለው በእሱ ማገናኘት ይገላግልሃል። ሆን ተብሎ ቀለም እንዲጨምሩ የተሠሩም አሉ። ፊልተር የሌላቸው ኖስ የሚባሉት ዳኮች የሲዲ ድምፅ ሲያጫውቱ 20 ኪሎኸርዝ ላይ 3 ዴሲቤል ያህል ይወርዳሉ። ለስለስ ያለ ድምፅ ከወደድክ መብትህ ነው፣ ግን የአምፑ ትሬብል ቁልፍም በነፃ ይቀንስልሃል።

ለዳክ ያሰብከውን ገንዘብ ለጊዜው አስቀምጠውና ስፒከሮቹን ከግድግዳው ሳብ፣ ከማዕዘን አርቅ። ክፍል ባስ ላይ 10 ዴሲቤል ከፍና ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህን የሚያክል ለውጥ ከየትኛውም ዳክ አታገኝም። አንድ የባስ መስመር ያለው ሙዚቃ ክፈትና ወንበርህን ግማሽ ሜትር ወደፊት፣ ግማሽ ሜትር ወደኋላ እያልክ ስማ። አንዳንዱ ኖታ ሲያብጥ አንዳንዱ ሲጠፋ ታገኘዋለህ። መለካት ካማረህ የመለኪያ ማይክና ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃሃል። ከዚያ በኋላም ገንዘቡ ካለ፣ ስፒከር።

ሪሞት፣ ብዙ መግቢያ፣ ጥሩ የሄድፎን መውጫ ፈልገህ ከሆነ ግን ግዛ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ብቻ መመለስ የሚፈቅድ ሻጭ ፈልግ፣ ካርቶኑንም እንዳትጥለው።