ልጅን ለማንሳት ቀለል ያለ ካሜራ፦ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ካኖን 5ዲ ማርክ 3ን ከ24-70 ሚሊሜትር ሌንሱ ጋር ተሸክመው የሁለት ዓመት ልጅዎን ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ መከታተል እንደከበደዎት ገልጸው፣ በምን ቢተኩት እንደሚሻል ጠይቀዋል። ካሜራውና የዚሁ ሌንስ ሁለተኛ ትውልድ ኤፍ 2.8 (ቁጥሩ ሌንሱ ብርሃን የሚያስገባበትን ቀዳዳ ስፋት ያመለክታል) አንድ ላይ ከ1.6 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝኑ፣ ልጅ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ማንሳት በእርግጥ ያስቸግራል።

የምመክርዎት ካኖን አር50ን ከ28 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ ጋር ነው፤ ሁለቱ ከነባትሪያቸው ግማሽ ኪሎ ቢሆኑ ነው። ከክብደቱ መቅለል በላይ የሚጠቅምዎት ግን የሰውን ዓይን ፈልጎ የሚከተለው ፎከሱ ነው፤ ልጁ እየሮጠ ወደ እርስዎ ሲመጣ፣ ስክሪኑን ወደ ላይ አዙረው ካሜራውን በልጁ ደረት ከፍታ ዝቅ አድርገው ቢይዙት፣ ፎከሱ ፊቱን ሳይለቅ ይከተለዋል። የሸተር ፍጥነቱን (ካሜራው ለአንድ ፎቶ ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ግን ከ1/500 ሰከንድ የዘገየ አያድርጉት። ብዙዎች የሚያወድሱት የ50 ሚሊሜትር ሌንስ በዚህ ካሜራ አነስተኛ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ የሚያሳየው ስፋት በድሮው ካሜራዎ ላይ እንዳለ የ80 ሚሊሜትር ሌንስ ያህል ስለሚጠብ፣ ለጠባብ ሳሎን አይመችም።

የድሮውን ካሜራ አይሽጡት፤ ማታ ቤት ውስጥ በደካማ መብራት ለሚነሱ ፎቶዎች ትልቁ ሴንሰር አሁንም ብልጫ አለው።