ስለ ኤአይ ሕግ ሲከራከሩ ማንን እንመን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሳን ሆዜ የምኖር ሾፌር ነኝ። የእህቴ ልጅ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ከሚሠሩት ድርጅቶች በአንዱ ተቀጥሯል። እሁድ ምሳ ላይ የቁጥጥር ሕግ ነገር ከተነሣ አንግባባም። እሱ «ሕግ ከበዛ ቻይና ትቀድመናለች» ይላል። እኔ ደግሞ ሠሪዎቹ ራሳቸው አደገኛ ነው እያሉ ሕግ ሲመጣ ለምን ይሸሻሉ እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እኔ ወደ እርስዎ አደላለሁ። ምክንያቱን እዚያው እርስዎ ያሉበት ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሆነው ነገር ልንገርዎት።

እ.ኤ.አ. በ2024 የካሊፎርኒያ ግዛት ሴናተር ስኮት ዊነር ኤስቢ 1047 የሚባል ረቂቅ አቅርበው ነበር። ረቂቁ ያነጣጠረው ለማሠልጠን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚወጣባቸው ግዙፍ ሞዴሎች፣ ማለትም የኤአይ ፕሮግራሞች ላይ ነው። ባለቤቶቹ የደኅንነት ዕቅድ ይኑራቸው፣ ነገር ቢበላሽ ሞዴሉን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፉበት መንገድ ያዘጋጁ፣ በየዓመቱ ከውጭ የመጣ ኦዲተር ይመርምራቸው፣ የብዙ ሰው ሕይወት ቢጠፋ ወይም ቢያንስ የ500 ሚሊዮን ዶላር ጉዳት ቢደርስ ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ይክሰሳቸው ይላል። በቃ ይኸው ነው።

ግን አገር ተናወጠ። ለዘርፉ መሠረት ከጣሉት ሳይንቲስቶች መካከል ጄፍሪ ሂንተንና ዮሹዋ ቤንጂዮ ደገፉት። ኦፕንኤአይ፣ ጉግልና ሜታ ተቃወሙት። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የቀድሞ አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲም የዊነር ፓርቲ ሰው ሆነው ሳለ ተቃወሙ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ የኤአይ ተመራማሪ ፌይ-ፌይ ሊ ያነሡት ስጋት ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ሞዴላቸውን ለሁሉም ክፍት አድርገው የሚለቁ ሰዎች ሌላው በሠራበት ጥፋት ሊጠየቁ ነው፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ይጎዳሉ አሉ። ረቂቁ በግዛቱ ምክር ቤት አለፈ። ገዥው ጋቪን ኒውሰም ግን ሴፕቴምበር 29 ቀን 2024 ውድቅ አደረጉት። የሞዴሉን ግዝፈት እንጂ የት ሥራ ላይ እንደሚውል አያይም የሚል ነበር ምክንያታቸው።

ልክ በዓመቱ፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2025፣ እኚሁ ገዥ የእኚሁን ሴናተር ሌላ ሕግ ፈረሙ፤ ኤስቢ 53። ትልልቆቹ ድርጅቶች የደኅንነት አሠራራቸውን በይፋ ያትማሉ። ከባድ አደጋ ካጋጠማቸው በ15 ቀን ውስጥ፣ የሰው ሕይወት አፋፍ ላይ ከሆነ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቃሉ። የሚያሳውቁትም የሰደድ እሳትና የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ለሚሯሯጠው ለዚያው ለግዛቱ የአስቸኳይ ጊዜ መሥሪያ ቤት ነው። ሕጉን ከጣሱ ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ጥሰት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል።

ታዲያ ከፊተኛው ረቂቅ ምን ቀረ ይበሉኝ። የውጭ ኦዲተሩ ቀረ። ማጥፊያው ቀረ። በደረሰው ጉዳት መጠየቅ የሚለውም ቀረ። አገር ቤት ቦሎ ለመውሰድ መኪናውን የሚመረምረው ሌላ ሰው ነው፤ ይሄ ግን ባለቤቱ ራሱ መርምሮ ውጤቱን ይለጥፍ እንደማለት ነው። ከምንም ይሻላል፣ አይበቃም ግን። በዓመት ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ ለሚያስገቡ ድርጅቶች አንድ ሚሊዮን ምን እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ስለ ቻይና ደግሞ ለእህትዎ ልጅ ይህን ይንገሩልኝ። ቻይና ራሷ ጽሑፍና ምስል የሚያመነጩ ኤአዮችን የሚመለከት ደንብ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። እሷ ሕግ የላትም ብሎ መከራከር አያስኬድም። እዚያው አሜሪካም ክፍለ ግዛቶች ለ10 ዓመት የኤአይ ሕግ እንዳያስከብሩ ለማገድ ተሞክሮ ነበር፤ የአገሪቱ ሴኔት ጁላይ 1 ቀን 2025 በ99 ለ1 ድምፅ አንቀጹን አውጥቶ ጣለው። ሪፐብሊካኑም ዴሞክራቱም አንድ ላይ ማለት ነው። ስንቴ ያጋጥማል?

አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ የሚሠራው ከእነዚህ ትልልቅ ድርጅቶች በአንዱ ከሆነና ሥራውም አደጋን መገምገም ከሆነ፣ ያየውን ከባድ አደጋ ለመንግሥት ቢናገር አዲሱ ሕግ ከበቀል ይጠብቀዋል። ይህን ያውቅ ዘንድ ደግ ነው። እሁድ ላይ ከመጨቃጨቅ በፊት እሱን ያንሡለት።

ጥያቄ፦ እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን ይሄ ምን አገባን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በጣም ያገባናል! በ2023 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጂፒቲ-4 የሚባለው የኦፕንኤአይ ሞዴል በእንግሊዝኛ እምቢ የሚላቸውን አደገኛ ጥያቄዎች እንደ ዙሉና የስኮትላንድ ጌሊክ ወዳሉ ድረ ገጽ ላይ ብዙ ጽሑፍ ወደሌላቸው ቋንቋዎች ተርጉመው ጠየቁት። ብዙዎቹን መለሰ። መከላከያው የተሠለጠነው በብዛት በትልልቆቹ ቋንቋዎች ስለሆነ ነው። አማርኛም ጽሑፉ ጥቂት ነው። ኤስቢ 53 ደግሞ ድርጅቶቹ በየትኛው ቋንቋ እንደፈተሹ እንዲናገሩ አያስገድድም። ካሊፎርኒያ ያላችሁ መራጮች ለወኪሎቻችሁ ስትጽፉ ይህችን ጥያቄ አትርሱብኝ፦ በአማርኛስ ተፈትሿል?