«በፈቃድህ ልቀቅ» የተባለው ገንዘብ ተቀባይ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ የግል ሆቴል 4 ዓመት በገንዘብ ተቀባይነት ሠርቻለሁ። የትኩረት ማነስ ችግር እንዳለብኝ ዘንድሮ የአእምሮ ሐኪም አረጋግጦልኛል፤ ለአሠሪዬ ግን አልነገርኩም። በማርፈድ 3 የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። በቀደም ደግሞ ካዝና ጎደለ ተብሎ ከደመወዜ ተቆረጠ። ሥራ አስኪያጁ «በፈቃድህ ልቀቅ» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የመልቀቂያ ደብዳቤ አይጻፉ። በገዛ እጁ ጽፎ የለቀቀ ሰው ኋላ «ተገድጄ ነው» ቢል ማስረዳቱ ይከብደዋል።

ማርፈዱ እንደሚያስፈራሩዎት አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት፣ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪው ጋር የሚዋዋለው) ሌላ ካላለ በቀር፣ በዚህ ምክንያት ወዲያው ለማሰናበት ሠራተኛው በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ አለበት። ያረፈዱባቸውን ቀናት ራስዎ መዝግበው ይያዙ። ማስጠንቀቂያ ሲሰጥዎ «አልፈርምም» ከማለት «ደርሶኛል፣ በይዘቱ አልስማማም» ብለው ከነቀኑ ፈርመው ቅጂውን መውሰድ ይበጃል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ካዝናው ነው፤ የገንዘብ ጉድለት ሲደጋገም «ከባድ ቸልተኝነት» ወደሚል ክስ ይሄዳል። ቅነሳው ግን በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በእርስዎ የጽሑፍ ስምምነት ካልተደገፈ ሕገወጥ ነው፤ ቢደገፍም ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም። የቅጥር ውልዎን አውጥተው ያንብቡት፤ ሳያስተውሉ የፈረሙት መስመር ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደ ሕመሙ። አሠሪው ባልተነገረው ነገር አይጠየቅም፤ ስለዚህ ቀጣዩ ማስጠንቀቂያ ሳይደርስ ይንገሩት። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ስሙ ብዙዎችን ያሳስታል እንጂ ትርጉሙ የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። የሥራ ሰዓትን፣ የሥራውን አሠራርና አካባቢውን ማስተካከልንም «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» ይለዋል። በጉዳቱ ምክንያት መድልዎ ተፈጸመብኝ ብለው ቢከሱ የማስረዳት ሸክሙ ወደ አሠሪው ይዞራል። የእርስዎ ችግር በዚህ ትርጉም ሥር መውደቁ ግን አከራካሪ ሊሆን ስለሚችል የሐኪሙ ወረቀት ወሳኝ ነው።

ብዙዎች የሚሰናከሉትም እዚሁ ላይ ነው። ሐኪሙ በርኅራኄ «ይህን ሥራ መሥራት አይችልም» ብሎ ከጻፈ፣ አሠሪው በጤና ምክንያት ችሎታ አጥቷል ብሎ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 28 ለማሰናበት በር ተከፈተለት ማለት ነው። «መሥራት ይችላል፤ የሚከተለው ቢስተካከልለት» ብሎ እንዲጽፍ ይጠይቁ።

ማመልከቻዎ ከ1 ገጽ አይለፍ፤ ጥያቄዎቹ የሚጨበጡ ይሁኑ፦ የቀን ሒሳብ ሲዘጉ ስልክ የሚያነሳ ሌላ ሰው እንዲኖር፣ በፈረቃ ርክክብ ገንዘቡ በ2 ሰው ተቆጥሮ እንዲፈረም፣ ትእዛዝ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ የጠዋቱ 1 ሰዓት ፈረቃ ወደ 2 ሰዓት እንዲዛወር። በ2 ቅጂ አዘጋጅተው አንዱ ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩት፤ ደረሰኙን እንዳይጥሉት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቢያሰናብቱዎት፣ የሥራ ክርክር ሠራተኛውን የዳኝነት ክፍያ አያስከፍልም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ቀኑን ግን ይቁጠሩ፦ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ በ3 ወር፣ የተቆረጠው ደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል።