መዝገቡ ያልያዘው ዕድሜ

ውድ ልጆች፣

እንግሊዝ አገር በመዛግብት ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ የገጠር መንደሮችን የድሮ ወረቀት መጠበቅና ለጠያቂ ማውጣት ነበር። ባለቤቴም የደርቢሸር ገጠር ልጅ ናት። ስለዚህ ስለ እነዚህ መንደሮች ሳወራ የእንጀራዬንም የቤቴንም ጉዳይ ነው የማወራው። የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው፦ ቤታችሁ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች “አጫውቱን” በሏቸው፤ ያጫወቷችሁንም ጻፉት።

የእንግሊዝ ገጠር በመዝገብ የታደለ ነው። በ1538 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ አዘዘ። በ1598 ደግሞ መዝገቡ በብራና እንዲሆን ተወሰነ። ከዚህ የተነሳ መሬት ያልነበረው አራሽ እንኳ ስሙ አልጠፋም። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ግን ልብ በሉ። መዝገቡ ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚያውቀው ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ክርስትና የተነሳበትን፣ ያገባበትንና የተቀበረበትን። በመሃል ያለው ስልሳና ሰባ ዓመት ባዶ ነው። ሳቁ የለም፣ ጠባዩ የለም፣ ከጎረቤቱ ጋር ለምን እንደተኳረፈ የለም።

ከ1754 ጀምሮ ሙሽሮቹ ራሳቸው በጋብቻ መዝገቡ ላይ ይፈርሙ ነበር። መጻፍ የማይችለው የመስቀል ምልክት ያደርጋል፤ ቄሱ ከጎኑ የማን ምልክት እንደሆነ ይጽፋል። አንዳንዱን ምልክት ስታዩት ቀለሙ ተዝረክርኳል፣ ብዕሩ ወረቀቱን ሊቀድደው ደርሷል። ያቺ ሙሽራ ብዕር የጨበጠችው ምናልባት በሕይወቷ ያን ቀን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ገጽ ሲገጥመኝ ቶሎ መግለጥ አልችልም ነበር።

አማቴ ከነበሩበት መንደር ብዙም የማይርቅ ኢም የሚባል መንደር አለ። በ1665 ከለንደን በመጣ ጨርቅ ወረርሽኝ ገባበት። በሚቀጥለው ዓመት ሰዉ ከቄሱ ከዊሊያም ሞምፔሰን ጋር መክሮ ከመንደሩ ላለመውጣት ተስማማ፤ በሽታው ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር። ምግብ የሚቀመጥላቸው ድንበር ላይ ነበር፤ የሚከፍሉትን ሳንቲም ኮምጣጤ ውስጥ ይነክሩታል። ወደ 260 ሰው አለቀ። ሃንኮክ የምትባል እናት በ1666 በኦገስት ወር፣ በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን በገዛ እጇ ቀበረች። መቃብሮቹ ዛሬም ሜዳው ላይ በድንጋይ ካብ ተከበው ይታያሉ። ስማቸውን እናውቃለን፣ ቀናቸውን እናውቃለን። ያቺ ሴት ስትቆፍር ለእግዜር ምን እንዳለችው ግን የጻፈ የለም። ከእሷ አፍ ሰምቶ ያስቀመጠልን ሰው ቢኖር ምንኛ ደስ ባለኝ!

የደሀ ሰው ድምፅ የሚሰማበት አንድ የወረቀት ዓይነት አለ፤ እሱን ሳላነሳ አላልፍም። በ1662 የወጣው ሕግ እያንዳንዱ ደሀ “የእኔ” የሚለው አንድ አጥቢያ እንዲኖረውና እርዳታም ከዚያው እንዲያገኝ አደረገ። አንድ ሰው በሌላ መንደር ሲቸገር ወይም ሊቸገር ነው ተብሎ ሲፈራ፣ ዳኞች ፊት ቀርቦ የሕይወት ታሪኩን ይናገራል። ጸሐፊው ይጽፋል፦ የት ተወለድክ? ለየትኛው ገበሬ ተቀጠርክ? በዓመት ስንት ተከፈለህ? መቼ አገባህ? ልጆችህ ስንት ስንት ዓመታቸው ነው? ሲያበቃ ያው የመስቀል ምልክት። ሳያገባና ሳይወልድ አንድ ሙሉ ዓመት ተቀጥሮ የሠራ የዚያ አጥቢያ ሰው ይሆን ስለነበር፣ ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው የሚያሰናብቱት ገበሬዎች ነበሩ። ያላገባች ነፍሰ ጡር ደግሞ ልጇ ሸክም እንዳይሆን ከድንበር ትባረር ነበር። ሕጉ ጨካኝ ነው። ቢሆንም የስንቱ ቤተሰብ ታሪክ የተረፈው አንድ ሰው ጠይቆ ሌላው ስለጻፈ ብቻ ነው። ደሀውን የጠየቁት ወጪ ፈርተው ነው፤ እናንተ ግን በፍቅር መጠየቅ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። የባለቤቴ አያት ገና ልጅ ሳለች ትልቅ ቤት ተቀጥራ ሠርታለች። የ1911 የሕዝብ ቆጠራ ስለ እሷ ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታና “የቤት ሠራተኛ” የሚል ብቻ ይዟል። የቀረውን የነገሩን አማቴ ናቸው። ማታ ማታ፣ የፎቶ ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው። ጎህ ሳይቀድ የፈላ ውሃ በባልዲ ይዛ ደረጃ እንደምትወጣ፣ ክረምት እጇ ተሰነጣጥቆ እንደሚደማ፣ ደሞዟን ሳትነካ ለእናቷ እንደምትልክ። አማቴ ካረፉ በኋላ ከሳጥኑ ውስጥ ማን እንደሆኑ የሚነግረን ያጣንላቸው ሰዎች አሉ። ደህና አድርገው ለብሰው ካሜራውን የሚያዩ ሰዎች። እባካችሁ በፎቶው ጀርባ፣ ጠርዙ ላይ፣ በለስላሳ እርሳስ ስሙንና ቦታውን ጻፉ። እስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ለፊት ያልፋል፣ እርሳስ ግን ፎቶውን አይጎዳም።

“መንግሥት መዝግቦታል” ብላችሁም አትዘናጉ። የ1931ዱ የእንግሊዝና የዌልስ ቆጠራ በ1942 በእሳት ወደመ። የ1941ዱ በጦርነቱ ምክንያት ጭራሽ አልተካሄደም። በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር የተያዘው ምዝገባ ባይኖር ኖሮ ከ1921 እስከ 1951 ያለው ዘመን ቆጠራ አልባ ይቀር ነበር። ይሄ እንግሊዝ ነው እንግዲህ። የእኛ አያቶች፣ ልደታቸውን “ጣሊያን በገባ ጊዜ” እያሉ የሚቆጥሩት፣ ከወረቀት ይልቅ በሰው አፍ ላይ ናቸው። ለንደንም ዋሽንግተንም የተወለዳችሁ ልጆች፣ የአያት የቅድመ አያት ስም እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ጥሩ ነው። ግን ስም ብቻ ከሆነ ያው ሦስት ቀን ነው።

ስትጠይቁ “ስለ ሕይወትህ ንገረኝ” አትበሉ፤ ሰው ይደነግጣል፣ “ምን አለኝና” ይላል። ትንንሹን ነገር ጠይቁ። ውሃ ማን ይቀዳ ነበር? መጀመሪያ ሬዲዮ የገዛው ማን ቤት ነው? የመጀመሪያ ጫማሽን ማን ገዛልሽ? ሲያወሩ አታርሟቸው። እህትና ወንድም አንዱን ነገር ለየቅል ካወሩት ሁለቱንም ጻፉ፤ ማን እንዳለው ጨምሩበት። ነውር የሚባለውንም አትዝለሉ። የድሮ ቄሶች አንዳንዱን ሕፃን “ዲቃላ” ብለው መዝግበውታል፤ ዛሬ የልጅ ልጆቹ ያንን ገጽ ሲያገኙ አይናቸው እንባ ያቀርራል እንጂ አያፍሩበትም።

አንድ የሥራ ነገር ልጨምር። ያው የ1598ቱ ትእዛዝ የመዝገቡ ቅጂ በየዓመቱ ለጳጳሱ ቢሮ እንዲላክ ይል ነበር። የአጥቢያው መዝገብ በእርጥበት ሲበሰብስ ወይም ሲቃጠል፣ ለሰዎች የምናወጣላቸው ያንን ቅጂ ነበር። እናንተም የቀዳችሁትን ድምፅ ስልካችሁ ላይ ብቻ አትተዉት፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም ጻፉበትና አንዱን ቅጂ ሌላ ከተማ ለሚኖር የአክስት ወይም የአጎት ልጅ ዛሬውኑ ላኩለት።